ስኳር መሐል የሚራብ

የባዮሎጂው ላብራቶሪ በር ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለን የጠላ ሽታ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። አምስት ነን፤ አራታችን የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስንሆን አምስተኛው «እርሾው» እያልን የምንጠራው የዶርማችን ብቸኛ የሳይንስ ሰው ነው። ያን ሴሚስተር ሙሉ ስለ እርሾ እያወራ ስላሰለቸን፣ «እስቲ ይህን የምትመካበትን ነገር አሳየንና ይለይልን» ብለን ነው ተከትለነው የሄድነው። እውነቱን ለመናገር የሄድነው ለመማር አይደለም፤ ለመሳቅ ነው።

«እንዴ! እዚህ ጠላ ይጠመቃል እንዴ?» አለ ከመካከላችን አንዱ።

«አዎን፣ ጌሾ የሌለው» አለ እርሾው፤ ፈገግም አላለ። ጠርሙሶቹን በየተራ እያነሣ እንድናሸት ሰጠን። አንደኛው ዳቦ ዳቦ ይላል፣ ሁለተኛው ጠላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተረስቶ የሰነበተ ብርጭቆ።

ከመካከላችን አንዱን ያሳደገችው ጠላ ሻጭ እናት ናት። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን፣ ጌሾና ብቅሉ ሲጠነሰስ፣ ኋላም አሻሮው ተጨምሮ ሲደፈደፍ እያየ ነው ያደገው። እናቱ ማታ ማታ ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ለጥፋ ታዳምጥ እንደነበር ያን ለት ነገረን። ውስጡ የሚንሾካሾክ ድምፅ ካለ «ተነሥቷል» ትላለች፤ ዝም ካለ ፊቷ ይጠቁራል። ያልተነሣ ድፍድፍ ማለት ያልተከፈለ የቤት ኪራይ ማለት ነዋ። ልጅ ሆኖ «ምንድን ነው የሚንሾካሾከው?» ብሎ ጠይቋት ያውቃል። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እየበላ ነው እንጂ» ብላ መለሰችለት።

እርሾው ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እማማ'ኮ ከእነ ፓስተር ጋር ነው የተሰለፉት!» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ መብላላት የሕይወት ሥራ ነው፣ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው በሕይወት ያለ እርሾ ነው እያለ ይከራከር ነበር። ጀርመናዊው ሊቢግ ደግሞ ጉዳዩ የኬሚስትሪ እንጂ የሕይወት አይደለም ባይ ነው። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ እርሾውን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጨመቀው። አንድም ነፍስ ያለው ሕዋስ በሌለበት ጭማቂ ላይ ስኳር ቢጨምርበት ጭማቂው አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ለዚህም በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ማን ረታ? እርሾው እንደሚለው ሁለቱም ረትተዋል፤ እኛ ግን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ተሸናፊ የሌለበት ክርክር ስለማይጥመን ለፓስተር ፈረድን።

ከዚያ ማይክሮስኮፑ ጋ በየተራ ጎንበስ አልን። ክብ ክብ፣ ግልጥልጥ ያሉ፣ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንሽ ልጅ ያዘሉ ነገሮች ይታያሉ። መካከላቸው ደግሞ ሰማያዊ የሆኑ አሉ። እርሾው ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም ጠብ አድርጎባቸዋል፤ በሕይወት ያለው ሕዋስ ቀለሙ ቢገባበትም መልሶ ያነጣዋል፣ የሞተው ግን እንደቀለመ ይቀራል። የእርሾው የመመረቂያ ሥራ ይኸው ነው፦ ሰማያዊውን ከነጩ ለይቶ መቁጠር። በቀን በሺህ የሚቆጠር ሬሳ ይመዘግባል ማለት ነው። «ታዲያ እንቅልፍ እንዴት ይወስድሃል?» አልነው። ሳቅን።

ሌላ የመስታወት ሳሕን አመጣ። እላዩ ላይ የእርሾ መንደሮች ነጭ ነጭ ሆነው ተነጥበዋል። አብዛኞቹ የምስር ክክ ያህላሉ፤ ጥቂቶቹ ከጤፍ ፍሬ አይበልጡም። ሩሲያ ተወልዶ ፓሪስ ላይ የሠራው ቦሪስ ኤፍሩሲ በ1949 ስለ እነዚህ ትንንሾች ጽፎ «ፐቲት» አላቸው፤ በፈረንሳይኛ «ትንሽ» ማለት ብቻ ነው። በላብራቶሪ እርሾ ውስጥ ከመቶ አንዷ ገደማ እንዲህ ሆና ትገኛለች። ጉድለታቸው መተንፈስ ነው። ጤነኛዋ እርሾ ስኳሩ ሲያልቅ ወደ ሠራችው አልኮል ዞር ብላ እሱኑ በአየር ታቃጥላለች፤ ፐቲት ይህን አትችልም። ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋሷ ክፍል የራሱ የሆነ ዲኤንኤ አለው፤ እሱ ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ መተንፈሻው ይዘጋል። ከአንድ ግሉኮስ ሁለት ኤቲፒ ብቻ እያተረፈች ትኖራለች፤ በአየር ብታቃጥለው ኖሮ የዚያን ብዙ እጥፍ ታገኝ ነበር። የሚገርመው ግን ያን የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ አትጥለውም። ብረትንና ድኝን አጋጥሞ ሌላው የሕዋሱ ክፍል የሚሠራበትን ዕቃ የሚያዘጋጀው እሱ ነውና፣ ፈጽሞ ብታጣው ትሞታለች። ምድጃው ጠፍቶም ጓዳው ይሠራል እንደ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሲያወራ ከእኛ አንዱ አሥር ጊዜ ወደ ቧንቧው ይመላለሳል። እጁን እንደ ጽዋ አድርጎ ይጠጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠጣል። እርሾው «አንተ! ላብራቶሪ ውስጥ ውሃ አይጠጣም ብያለሁ!» ብሎ ጮኸበት። እኛ ደግሞ «ጋን አይሞላም፣ ተወው» አልን። ስሙ ጋን ሆኖ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ያወጣንለት ስም ነው፤ ሌሊት ሌሊት አንድ ጆግ ውሃ ጨርሶ ሲነጋ ደግሞ ይጠማዋል። የሁለት ሰው ምሳ ይበላል፣ ግን ይከሳል። ቀበቶውን በምስማር ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ በስቶታል። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ግጥም ጻፍንበት። ስንበት ስንበት የሚል፣ ቤት የሚመታ፣ ደኅና የሚያስቅ ግጥም ነበር። የዶርማችን በር ላይ ለጠፍነው፤ የጎረቤት ዶርም ልጆችም እየመጡ ገልብጠውታል። ጋን ራሱ ሦስተኛውን ቤት አርሞልናል፤ ስንኙ ይጎድላል ብሎ።

እርሾው ያን ለት ማታ መጨረሻ ላይ የነገረን ነገር ነው እስከ ዛሬ ከራሳችን ያልወጣው። ላብራቶሪው የሌለውን፣ በንባብ ብቻ የሚያውቀውን እርሾ ነው ያወራልን። ቲፒኤስ አንድ የሚባል ጂን የጎደለው እርሾ አለ። ይህ እርሾ ግሉኮስ ሲሰጡት ያድጋል ብለህ ስትጠብቅ ይቆማል። ለምን?

«ገበሬ አድርገህ ቁጠረው» አለ፤ ለእኛ ሲል ወደ እኛ ቋንቋ መውረዱ ነው። ግሉኮስ ሲገባ ሕዋሱ ቀድሞ ከራሱ ያወጣል፤ ሁለት ኤቲፒ ይከፍላል። ይህ ዘር ነው። ከዚያ ስኳሩ ለሁለት ተሰንጥቆ መንገዱን ሲጨርስ አራት ኤቲፒ ይመለሳል። ይህ አዝመራው ነው። ትርፉ ሁለት። ጤነኛው እርሾ መዝራቱን የሚይዝለት ልጓም አለው፤ ቲፒኤስ አንድ ትሬሃሎስ የሚባለውን ስኳር ሲሠራ በመንገድ ላይ የሚያወጣው ነገር የመጀመሪያውን ኤንዛይም ቀስ በል ይለዋል፣ የታሰረውንም ፎስፌት ያስለቅቃል። ጂኑ የሌለው ግን ልጓም የለውም። ስኳር ባየ ቁጥር ይዘራል፣ ይዘራል። ፎስፌቱ ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ በቆመ ስኳር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የታችኛው ክፍል ያለ ፎስፌት ስለማይሠራ አዝመራው አይሰበሰብም። ጎተራው ባዶ፣ ማሳው በዘር የተጨናነቀ። ኤቲፒው ይወርዳል፣ ሕዋሱ ይቆማል። ዙሪያው ግን ስኳር ነው።

ጋን እጁን ከሱሪው ላይ እያደረቀ «እንዴ፣ ስኳር መሐል ይራባል ማለት ነው?» አለ።

«ልክ ነህ።»

«ሌላ ምግብ ቢሰጡትስ?»

«ጋላክቶስ ቢሰጡት ያድጋል። የወተት ስኳር ሲሰነጠቅ ግማሹ እሱ ነው። በሌላ በር ቀስ ብሎ ስለሚገባ ዘሩ አይጨናነቅም።»

እርሾው ጨመረና አንድ ነገር ነገረን። በ2014 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ጠጋ ብለው ሲያዩት ጂኑ ያልጎደላቸው፣ ጤነኛ የምንላቸው እርሾዎችም ስኳር በድንገት ሲመጣባቸው ጥቂቶቹ በዚያው ወጥመድ ይያዛሉ። በጂን አንድ የሆኑ፣ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ አንዷ ታልፋለች፣ አንዷ ትያዛለች። ልዩነቱ ስኳሩ በመጣባት በዚያች ቅጽበት ውስጧ ምን እንደነበር ነው። እኛ ወዲያው «ይሄማ ድራማ ነው፣ አንድ ገቢር ይወጣዋል» ማለት ጀመርን። እርሾው ተቆጣ። «እባካችሁ ምሳሌ አታድርጉት። እርሾ ነው። ስለ እርሾ ነው የማወራው» አለ። መብራት አጥፍተን ወጣን።

ይህ በሆነ በአሥረኛው ቀን እሑድ ነው። ጋን ቁርስ አልወረደም። ከሰዓት ዶርም ስንገባ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ይቃዣል፣ ሁለት ጊዜ አስመልሷል። ጠጋ ስንል ትንፋሹ ይሸታል። የሆነ ጣፋጭ፣ የተበላሸ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ። እርስ በርሳችን ተያየን። ቅዳሜ ማታ አምሽቶ ነበር የገባው። «ሰክሯል» አልን። «ከማን ጋር ነው የጠጣኸው? ፈተና ሳምንት አይደለም እንዴ አንተ ሰው!» እያልን ጮኽንበት። ሊመልስልን ሞከረ፤ ምላሱ አልታዘዘለትም። ይኸው ማስረጃ! ብርድ ልብስ ጣል አደረግንበትና «ይተኛበት፣ ያልፍለታል» ብለን ሻይ ልንጠጣ ወጣን። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ኳስ ነበር፣ ኳሱን አየን። ይህን የምንጽፈው ቀላል ሆኖልን አይደለም።

ስንመለስ እርሾው ከላብራቶሪ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ወደ ጋን ፊት አቅርቦ እንደዚያ ለት ጠርሙስ ያሸትታል።

«መጠጥ ነው» አልነው።

«አይደለም።» ቀና አለ። «እኔ ቀኑን ሙሉ አልኮል ነው የማሸተው። ይሄ አልኮል አይደለም። ይሄ አሴቶን ነው። ተነሡ!»

አተነፋፈሱን ያን ጊዜ ነው ያየነው። ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ሰው በጥልቀት፣ በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ተኝቶ ሳለ። በብርድ ልብስ ይዘነው ወረድን። ጥበቃው በሩን ሲከፍት «ምን ሆኖ ነው?» አለ፤ ማንም አልመለሰለትም። ኪሳችን ያለውን አዋጥተን ባጃጅ ያዝን። ድንገተኛ ክፍል ሲስተሯ ጣቱን ወግታ ደሙን በትንሿ መሣሪያ ስትለካው መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቃተው፤ «ከፍተኛ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ሐኪሙ «ስንት ጊዜው ነው ውሃ ሲጠማው?» ብለው ጠየቁን። ሁለት ወር ነው ልንል ነበር፤ ሦስታችንም አፋችን ተያያዘ። መልሱን የሰጠው እርሾው ነው። «መክሳቱን አላያችሁም?» አይተናል። እንዲያውም ግጥም ጽፈንበታል።

ስኳር በሽታ ነው፤ ወጣቶችን በድንገት የሚይዘው ዓይነት። ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል። ስኳሩ ደሙ ውስጥ ሞልቶ ሳለ የጡንቻና የስብ ሕዋሶቹ ማስገባት አልቻሉም። ሰውነቱ የተራበ መስሎት፣ ደግሞም ተርቦ፣ ስቡን ማቅለጥ ያዘ፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን መረዘው፣ ከአሲዱ ጋር የሚመጣው አሴቶን በትንፋሹ ወጣ። ትርፉ ስኳር በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣ ውሃውን ይዞ ስለሚወጣ ይጠማዋል። ጋን ያልነው ጋኑ ስለሚያፈስ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሌሊቱን ስናድር ከእኛ አንዱ «ያ የነገርከን እርሾ'ኮ ነው» አለ ለእርሾው። እርሾው ራሱን ነቀነቀ። አይደለም አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን በማያወላዳ አነጋገር። እርሾ ኢንሱሊን የለውም። የዚያ እርሾ ችግር ስኳሩ ከገባ በኋላ ነው፤ የጋን ችግር ስኳሩ አለመግባቱ ነው። ሁለቱም ስኳር መሐል ይራባሉ፣ እዚያ ላይ ያበቃል። «ሁለቱን አንድ ካደረጋችኋቸው ሁለቱንም አታዩዋቸውም» አለ። ያን ጊዜ በነገሩ ተናደድንበት፤ ሰው እየሞተ ምን ያወራል ብለን። ኋላ ስናስበው ግን የጋንን ጥማት ወደ ቀልድ፣ ክሳቱን ወደ ስንኝ የለወጥነው እኛ ነን። ሽታውን በሽታነቱ ያሸተተው እርሱ ነው። ግን እርሱም ቢሆን ሁለት ወር ሙሉ ከጎኑ አልጋ ተኝቶ አላየም፤ ይህን ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ራሱ ነግሮናል። ሺህ ሰማያዊ ሕዋስ ሲቆጥር የሚውል ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋን ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው «ኳሱ ስንት ለስንት ወጣ?» ብሎ ነው። ያን የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን፤ ነገርነው።

ወደ ካምፓስ ሲመለስ በሩ ላይ ያለውን ግጥም ቀድደን ጥለነው ነበር። «የት ሄደ?» አለን። ዝም አልን። ከደብተሩ መሐል የገለበጠውን ቅጂ አውጥቶ እንደገና ለጠፈው፤ ሦስተኛው ቤት በእሱ እርማት። እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ። ባለፍን ባገደምን ቁጥር እንዳናነበው አንገታችንን እናዞራለን፤ ይህን ያደረገው ሊቀጣን ይሁን ግጥሙ ጥሞት፣ ጠይቀነው አናውቅም።

አሁን ጠዋትና ማታ ይወጋል። ከ1922 በፊት ይህ በሽታ ለወጣት የሞት ፍርድ እንደነበር እርሾው ነግሮናል፤ ባንቲንግና ቤስት በ1921 ቶሮንቶ ላይ ከውሻ ቆሽት ያወጡት ነገር መንገዱን ከፍቶ፣ በጥር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከከብት ቆሽት በወጣ ኢንሱሊን የመጀመሪያው ተወጊ ሆነ። መጀመሪያ የወጉት ንጹሕ ስላልነበረ እምብዛም አልረዳውም፤ ከቀናት በኋላ የተጣራው ነው ያነሣው። የምንማርበት ከተማ ቆላ ነው፣ ዶርማችን ፍሪጅ የለውም። ያልተከፈተውን ብልቃጥ ጤና ጣቢያ ያስቀምጡለታል። የተከፈተውን ደግሞ የጠላ ሻጯ ልጅ ከእናቱ ዘንድ ሁለት ማሰሮ አምጥቶ፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ ከትቶ፣ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ሠርቶለታል። አሸዋውን በተራ እናርሳለን። የማን ተራ እንደሆነ በር ላይ ዝርዝር አለ፣ ከግጥሙ ሥር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ብልቃጥ ሲከፍት ካርቶኑ ውስጥ ያለውን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት እንደ ልማዱ ዘረጋው። ቋንቋ የሚያጠና ሰው ወረቀት ሳያነብ አይጥልም። እየተረጎመ ጮክ ብሎ ያነብልናል፦ የአወሳሰዱን፣ የአቀማመጡን፣ የአሠራሩን። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ የላቲኑን ስም እየቆራረጠ አነበበ፦ በሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ውስጥ የተመረተ።

እርሾው አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ድገመው እስቲ።»

ደገመው።

«እርሾ ነው'ኮ» አለ እርሾው። የሰው ኢንሱሊን ጂን እርሾ ውስጥ ከትተው፣ እርሾው እንዲሠራው አድርገው እንደሚያመርቱት፣ ይህንንም የዴንማርክ ሰዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደሚሠሩት ከክፍል ትምህርቱ ያውቅ ነበር። ግን ያ የሚያውቀው ነገር ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ እኛ በምናርሰው ማሰሮ ውስጥ እንዳለ አላሰበውም ነበር። ወረቀቱን ተቀበለው፣ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ጋን እጁን ዘረጋ።

«ወረቀቴን መልስ» አለው። «ደግሞ ማሰሮው ደርቋል፤ ዛሬ የማን ተራ ነው?»